የሊጥና የዝናብ ደብተር፦ «ተራ ነገር አይጻፍም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ስንቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጥሪው ግልጽ ነው፦ ስለ እንጀራ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጓሮ አበባና ስለ ገበያ ውሎ በየቀኑ እየጻፉ መቀመጥ ይቅር ይላል። ጸሐፊው አማርኛውን የተካኑ፣ ለንባብም የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ገና ደብተር የገዛውን ወጣት ከመጀመሪያው ገጽ የሚመልስ ስህተት ስለሆነም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላሉ። ጽሕፈት ለትልቅ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሽሮና ስለ ዳመና መጻፍ ክብሩን ያወርደዋል። ሙያ በእጅ ነው፤ ጽሕፈት እጅን ያሰንፋል፤ እናቶቻችን አንድ መስመር ሳይጽፉ ጋግረው፣ ጠምቀው አሳድገውናል። ደስታ ሲጻፍ ይደበዝዛል፤ የሚጽፍ ሰው መኖሩን ትቶ መመዝገብ ይይዛል። ማስታወስ ካስፈለገም የስልክ ፎቶ ይበቃል። በመጨረሻም፣ በመስከረም የተጀመረ ደብተር ኅዳርን አያይም፤ ቢያይም የሚያነበው የለም። በየተራ እሄድባቸዋለሁ፤ እውነት ያለበትንም እውነት እላለሁ።

ጽሕፈት ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ጎንደር ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። የከተማችን አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ህዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ምን እንደተጻፈ እናውቃለን። እገሌ መሬቱን ለእገሊት ሸጠ፣ ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ተከፈለ፣ ዳኛው እገሌ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ። ኑዛዜ አለ፣ ስጦታ አለ፣ የርስት ክርክር አለ። ጸሐፊዎቹ ታሪክ እንጽፋለን ብለው አልተነሡም፤ ነገ እንዳይካካዱ የዕለት ጉዳያቸውን አሰፈሩ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የዘመቻውንና የሹመቱን ነገር ይነግረናል። ሴቶች ርስት ይወርሱና ይሸጡ እንደነበር፣ ቤትና ቦታ ከማን ወደ ማን ይዞር እንደነበር ግን ታሪክ አጥኚዎች ያገኙት ከዚያ ከህዳጉ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እሱም ከዚሁ ከጎንደር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ሲገባ ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን የያዙበት፣ አገሩ በጦርነት የሚታመስበት ጊዜ ነበር። ስለ ጦርነቱና ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ጽፏል። ከዚያ ሁሉ መካከል ግን የዝናቡን ውሃ በኢንች እየለካ መዝግቧል፤ በ1770 በጎንደር፣ በተከታዩ ዓመት ጎንደር አጠገብ ባለው በቁስቋም። በዚያ ቀውጢ ሰዓት ዝናብ መለካት ለማን ተራ አይመስለው? ስለ ጦርነቱ የጻፉ ሌሎችም አሉ፤ የዚያን ክረምት ዝናብ በቁጥር ማን ጻፈልን?

ከባሕር ማዶም አንድ ልጨምር። በጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ፣ የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት የቼሪ ዛፍ መቼ እንዳበበና የአበባው ግብዣ በየትኛው ቀን እንደዋለ በየዕለት ማስታወሻቸው ይጽፉ ነበር። መዝገቡ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ዛሬ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የዚያን አገር የፀደይ ሙቀት ከ1,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው የሚገምቱት በዚያ ነው። የእኛ አደይ አበባስ? በመስከረም እንደምትፈነዳ ሁሉም ያውቃል። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ካምናው ቀድማ ነው ወይስ ዘግይታ የሚለውን ግን በልቡ የያዘ የለም፤ በልብ የሚያዝ ነገርም አይደለም።

እርግጥ የተጻፈ ሁሉ ታሪክ አይሆንም። አብዛኛው ደብተር ከባለቤቱ ሌላ ለማንም የማይረባ ሆኖ ይቀራል፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የትኛው እንደሚረባ ግን ሲጻፍ አይታወቅም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሙያ በእጅ ነው ማለታቸው እውነት ነው። የሊጥ ውፍረት በጣት እንጂ በፊደል አይለካም፤ ምጣዱ መጋሉንም የሚያውቅ ዓይንና ጆሮ ነው። ደብተር አንብቦ ብቻ ጋጋሪ የሆነ የለም። እናቶቻችን መዝገብ አልነበራቸውም ማለት ግን ስህተት ነው። መዝገባቸው ሰው ነበር። ሊጡ እምቢ ሲል አጥር ተሻግሮ የምትጠየቅ ጎረቤት፣ ጓዳ ገብታ ቡሃቃውን ከፍታ «አብሲቱን አቅጥነሽው ነው ልጄ» የምትል አማት ነበረች። አርባ ክረምት ያየች ሴት በጭንቅላቷ አርባ ክረምት የሊጥ መዝገብ ይዛ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምታቦካ ወጣት ይህ ሁሉ የላትም፤ በምሽት ከሥራ ስትመለስ የምትጠይቀው ሰው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ለእሷ ደብተሩ የእጇ ባላጋራ ሊሆን አይችልም፤ ያጣቻትን ጎረቤት ይተካላታል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። 3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በግማሽ ሊትር ያህል እርሾና ከ4 እስከ 5 ሊትር በሚሆን ውሃ ይቦካል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲሆነው ከላይ ያቀረረው ቢጫ ውሃ ተቀድቶ ይደፋል። ከሊጡ አንድ አሥረኛው ያህል ተወስዶ በሦስት እጥፍ ውሃ ይበጠበጥና እስኪወፍር እየተማሰለ ይፈላል፤ አብሲት ማለት ይህ ነው። ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው ዓይን አላወጣ ያለ ቀን ነው። ምክንያቱ ቢያንስ አራት ሊሆን ይችላል፦ አብሲቱ አንሷል ወይም ቀጥኗል፤ ሊጡ ኩፍ ሳይል ተቸኩሏል ወይም ኩፍ ብሎ ከተኛ በኋላ ተጋግሯል፤ ሊጡ ወፍሯል፤ አለዚያም ምጣዱ አልጋለም። አብሲቱ ሳይበርድ ገብቶ እርሾውን ገድሎት ከሆነ ደግሞ አምስት ይሆናሉ። አምስቱም ምጣድ ላይ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው፤ ዓይን የሌለው፣ ልሙጥ እንጀራ። ያልጻፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀይራል፤ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ባይሳካለት ጤፉን ወይም ነጋዴውን ይረግማል።

የጻፈ ሰውስ? ይህን የመሰለ ማስታወሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦

«ዓርብ፣ ነሐሴ 14። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተቦካ፤ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት አብሲት ገባ፤ 61 ሰዓት። አብሲት 5 ብርጭቆ ሊጥ፣ 15 ብርጭቆ ውሃ። ኩፍ ለማለት 1 ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያዎቹ 3 ዓይን የላቸውም፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር። ከ4ኛው ጀምሮ ጥሩ።»

እዩት፤ ጥፋቱ የሊጡ እንዳልሆነ ራሱ ማስታወሻው ይናገራል። ሊጡ የመጀመሪያውም የአሥረኛውም ያው ነው፤ የተለወጠው የምጣዱ ሙቀት ነው። ይህን ለስድስት ወር የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ጎረቤት ቶሎ የማትነግረውን ነገር ያያል፦ ጎንደር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የሚደርሰው ሊጥ በሐምሌና በነሐሴ ቅዝቃዜ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊዘገይ እንደሚችል፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘገይም በራሱ ቤት፣ በራሱ ቡሃቃ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ቡኮ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ ሌላው ባለበት ይቆይ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሳቱት አንድ ነገር አለ። ጽሕፈት እጅን ያሰንፋል ብለዋል። የሚጽፍ ሰው ግን «ኩፍ ለማለት ስንት ፈጀ?» ብሎ ሊመልስ ስለሆነ ቡሃቃውን ደጋግሞ ይከፍታል፣ አረፋውን ያያል፣ ሽታውን ያሸታል። ደብተሩ እጁን ሥራ ያበዛበታል እንጂ አያሰንፈውም። የዚህ ልማድ ደስታም እዚህ ላይ ነው የሚገኘው። ትናንት በየቀኑ ታልፎ የሚሄድ ነገር ዛሬ ጥያቄ ይዞ ይጠብቃል።

«ደስታ ሲጻፍ ይደበዝዛል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ሲዘምር፣ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ሰው አጥፍቷል። ያን ሰዓት ደብተር ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚጻፈው ማታ ነው፣ ወይም በማግስቱ። ግን ጥምቀት የአንድ ቀን ነገር ብቻ አይደለም። የፋሲል መዋኛ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ከርሞ ከበዓሉ በፊት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል። ውሃው መቼ መግባት እንደጀመረ፣ በየቀኑ ከግንቡ ስንት ድንጋይ እንደሸፈነ፣ ግንቡን አንቀው የያዙት የዛፍ ሥሮች የቱ ላይ ውሃ እንደነካቸው የሚጽፍ ሰው በዓሉ ሳይደርስ ለሳምንታት በዓሉ ውስጥ ነው። ለዚህ ሰው ጥር 11 ሲደርስ ውሃው የለፋበት ያህል ይሆንለታል። ደስታው ተደበዘዘ ወይስ ረዘመ?

በጃንተከል ዋርካ ሥር በየቀኑ ስንት ሰው ያልፋል! መቼ አዲስ ቅጠል እንደሚያወጣ የሚነግረን ግን ማን ነው? አንድ የማይነቃነቅ ነገር መርጦ፣ ዛፍም ይሁን ግንብ፣ በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ሄዶ ሦስት መስመር መጻፍ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው።

ፎቶ ይበቃል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ፤ ምሳሌው ግን ትንሽ ይረዝማል። ፎቶ መልክን ይይዛል፤ ነገሩ የፈጀውን ጊዜ፣ ሽታን፣ መጠንንና ምክንያትን አይዝም። ዓይን ያላወጣውን እንጀራ ፎቶ አንሡት፤ ከአምስቱ ምክንያት የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ስልካችን ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱንም ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያትመው። ጥምቀት በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ዋለ፤ በ2017 ግን ጃንዋሪ 19። ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ቀኑ በአንድ ይዛነፋልና። በስልክ ቀን ብቻ ሁለት ዓመት የሚያነጻጽር ሰው ሳያውቀው አንድ ቀን ይስታል። ስለዚህ በደብተር ላይ ወርና ቀኑን በእኛ መጻፍ፣ የፎቶውን ቁጥር አጠገቡ ማስፈር ይሻላል። ፎቶ ጥሩ ምስክር ነው፤ ነገሩን የሚያስረዳው ግን ጽሑፉ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው፤ ዝናብ። ለመለካት ገንዘብ አያስፈልግም። ከላይ እስከ ታች ወርዱ እኩል የሆነ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ የቲማቲም ድልህ ጣሳና በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ ይበቃል። ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያው ሲለካ 10 ሚሊ ሜትር ካሳየ የዘነበው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣሳው ስፋት ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ቅርጹ ነው። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ኩባያ ካስቀመጡ ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጣሳው ከቤትና ከዛፍ ይራቅ፤ ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሁን። መሬት ላይ ከተቀመጠ ከጎን የሚፈናጠቅ ውሃ ይገባበታል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፣ ነፋስ እንዳይጥለውም ይታሰር። የሚነበበው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከተነበበ በኋላ ይደፋል። በበልግ ውሃው ሳይነበብ በፀሐይ እንዳይተን ጥቂት የምግብ ዘይት ቢጨመርበት ከላይ ይሸፍነዋል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጎንደር ውስጥ ቧንቧ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከተማውን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም በደለል መሞላቱ የታወቀ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። አንድ አምስተኛው በፍንጥርጥርና በመርጠብ ጠፋ ብንል እንኳ 320 ሊትር ይቀራል፤ አንድ ተኩል በርሜል። ከረዥም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ግን ይለቀቅ፤ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። አንድ ክረምት የመዘገበ ቤተሰብ የሐምሌ ዝናብ በስንት ቀን በርሜሉን እንደሚሞላ ያውቃል፤ ሁለተኛ በርሜል መግዛት ያዋጣ እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይወስናል። ይህን የትኛው ፎቶ ይነግራል?

የገበያ ማስታወሻም እንዲሁ ነው፣ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጥቀስ። ቅዳሜ ገበያ በጣሳ የተገዛ እህል «በጣሳ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ዋጋ የለውም፤ የአንዱ ነጋዴ ጣሳ ከሌላው ይለያል፤ ክምር አድርጎ የሚሰፍርም ልክ አድርጎ የሚሰፍርም አለ። አንድ ጊዜ ቤት ሲገባ በሚዛን ይመዘን፤ ከዚያ በኋላ በኪሎ ይጻፍ።

ወደ አምስተኛው እንሂድ፤ በመስከረም የተጀመረው ኅዳርን አያይም ያሉት። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የጽሕፈቱ ከንቱነት አይደለም፤ አጀማመሩ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ገጽ ያስፈራዋል። ከአምስት መስመር አይበልጥ። ሁለተኛው ምክንያት ያለፉትን ቀናት መሙላት ነው፤ አራት ቀን ያመለጠው ሰው አራቱን በትዝታ ሊሞላ ይቀመጣል፣ ይሰለቻል፣ ያቆማል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ያላየውን ይጽፋል። ያመለጠ ቀን «አልተጻፈም» ተብሎ ይለፍ፤ ባዶ ቀን ከሐሰት ቁጥር ይሻላል። ሦስተኛው «ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር» የሚለው ዓይነት አጻጻፍ ነው። ከዓመት በኋላ ሲነበብ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ደራሲው ራሱ ተመልሶ አያነበውም። ቢያንስ አንድ ቁጥርና አንድ የታየ ነገር ይኑርበት። አራተኛው፣ ደብተሩ የስሞታ መዝገብ መሆኑ ነው፤ ስለ መብራት፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አለቃ። ጸሐፊው የተቆጡት ይህን አይተው ከሆነ አልፈርድባቸውም።

ዕቃው ቀላል ነው። ባለ 50 ቅጠል መስመር ያለው ደብተርና እርሳስ ወይም ተራ እስክርቢቶ። ውሃ የነካው ጄል እስክርቢቶ ይፈሳል፤ ለወጥ ቤትም ለዝናብ ጣሳም አይሆንም። ገጾቹ ከመጀመሪያው ቁጥር ይሰጣቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች ለማውጫ ይተዉ፦ «እንጀራ፦ 3፣ 7፣ 12»፣ «አደይ አበባ፦ 5»። ማውጫ የሌለው ደብተር ሦስት ወር ሲሞላው ፈልጎ ማግኘት የማይቻልበት ጥሻ ይሆናል። በወር አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ወስዶ ወደ ኋላ ማንበብም ግድ ነው፤ ደስታው የሚታወቀው ያኔ ነው። በተጻፈ ቀን ትርጉም ያልነበረው መስመር ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይናገራል።

የሚያነበው የለም ላሉት፣ አንባቢው አለ። ጳጉሜን ገብታ ቤቱ ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ ሲል፣ ያቺ አራተኛ ፎቅ ያለችው ወጣት ደብተሯን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ማውጫው ላይ «እንጀራ» የሚለውን በጣቷ ተከትላ የነሐሴ 14ን ገጽ ትከፍታለች። 61 ሰዓት። ለመስከረም 1 ጠዋት እንዲደርስላት ወደ ኋላ ትቆጥርና በጳጉሜን ስንት ቀን ማታ ማቡካት እንዳለባት በእርሳስ ትጽፋለች፤ ከሥሩም «ደረቅ እንጨት» ትላለች።